ዘጠነኛው ምልክት

መቅደላዊት አንድ ነገር ካልገባት ምግብ አይጥማትም። በልጅነቷ የአባቷን ሬዲዮ ፈታታ መልሳ መግጠም ስላቃታት ተቀጥታለች፤ ቅጣቱ ግን ከምንም አላገዳትም። አሁን ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ባሕር ዳር፣ ጣናን ከላይ በሚያይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ለጀልባ የማስጠንቀቂያ ሳጥን በምትሠራ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ፕሮግራም ትጽፋለች። ያን ሰሞን ሦስት ቀን ሙሉ ምሳዋን ሳትነካው ዋለች።

ያልገባት የሌላ ሰው ኮድ ነው። ሳጥኑ ጀልባው ውስጥ ተገጥሞ በየደቂቃው አንድ ቁጥር ብቻ ወደ ከተማ ይልካል። በዚያች ቁጥር ውስጥ ስምንት ቢቶች አሉ፤ ግድግዳ ላይ የተደረደሩ ስምንት የመብራት ማብሪያዎች ማለት ነው። አንዱ ሲበራ ሞተሩ ተነሥቷል፣ ሌላው ሲበራ ባትሪው ደክሟል፣ ሌላው ሲበራ ውኃ ገብቷል። የትኛው የምን እንደሆነ መናገር ያለበት በፕሮግራሙ አናት ላይ ያለው ዝርዝር ነበር። ዝርዝሩ ግን በላቲን ፊደል «ይዘት»፣ «ደረት»፣ «ርክርክ»፣ «ድፋት» እያለ ይወርዳል። ከየስሙ ጎን ደረቅ ቁጥር አለ፤ የማብራሪያ ቃል አንዲትም የለም።

ጨዋታ ቢሆን ስቃ ታልፈው ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ቁንዝላ ወደብ ላይ ታስሮ የቆመ የጋሽ ገድሉ ጀልባ ውኃ ሞልቶ ከነዳጉሳው ሰምጧል። ሳጥኑ ትንፍሽ አላለም። ድርጅቱ «ባለቤቱ ሳጥኑን ነቅለውት ነበር» አለ። ጋሽ ገድሉ «አልነቀልሁም» ብለው ማሉ፤ የሰማቸው የለም። የጀልባ ባለቤቶች ማኅበርም ነገሩ እስኪጣራ ድረስ በሌላ ሰው ጀልባ እንኳ ሰው እንዳይጭኑ አገዳቸው። ሃያ ዓመት ሰው ሲያሻግሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ይህን የጻፈው ልጅ የት ነው ያለው?» ስትል አለቃዋን አካሉን ጠየቀችው።

«ጥዑመ ልሳን? ከዘጌ ወዲያ ነው። የአባቱ ዓይን ሲደክም ሥራውን ጥሎ አገሩ ገባ። ስልኩ እዚያ አይሠራም። ጎበዝ ነው እኮ፤ እመለሳለሁ ቢለኝ ነገውኑ እቀጥረዋለሁ።»

በማግስቱ በጠዋቱ ጀልባ ተሳፈረች። አጠገቧ ጋቢ የደረበ፣ የፕላስቲክ ጫማ ያደረገ ወጣት ተቀምጦ ቀይ ቀለም የሞላች ብልቃጥ በሁለት እጁ እንደ እንቁላል ይዟል። እሷ ያሳተመችውን ኮድ ዘርግታ ማጉረምረም ስትጀምር አንገቱን ሰገግ አደረገ።

«የምን ወረቀት ነው እህቴ?»

«የአንድ ደንቆሮ ሰው ሥራ።»

ወጣቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ደንቆሮነቱን በምን አወቅሽ?»

«ስሞቹን እያቸው! ርክርክ ምን ማለት ነው? ሰው ለሰው እንዲህ ብሎ ይጽፋል?»

«ምናልባት ለማሽን ይሆናላ የጻፈው።»

«ማሽን ስም ምን ያደርግለታል? ቁጥሩ ይበቃዋል። ስም የሚጻፈው ከኋላ ለሚመጣ ሰው ነው።»

ወጣቱ ውኃውን አየ። ከዚያ ብልቃጡን ጭኑ መካከል ሸጉጦ ወረቀቱን ተቀበላትና ስሞቹን አንድ በአንድ ያዜማቸው ጀመር። «ደረት» ሲል ድምፁ ከሆዱ የመጣ ያህል ወፍሮ ወጣ፤ «ርክርክ» ላይ ተርገበገበ፤ «ድፋት» ላይ ወርዶ ሊጠፋ ደረሰ። ከፊት የተቀመጡ እናት ዞር ብለው አማተቡ። መቅደላዊት ንዴቷ የት እንደገባ አላወቀችም።

«የዜማ ምልክቶች ናቸው» አላት። «ከግእዙ ጽሑፍ በላይ በትንሽ በትንሹ ይጻፋሉ። ስምንት ናቸው።»

«ስምንት? ቢቱም እኮ ስምንት ነው!»

«ስምንት ነው።»

«ታዲያ ጀልባ ሳጥን ውስጥ ምን ይሠራሉ?»

«እሱን እንግዲህ ደንቆሮውን ጠይቂው።»

ጀልባው ዳር ሲደርስ ወጣቱ ቀድሞ ወረደና እጁን ዘረጋላት። «ጥዑመ ልሳን እባላለሁ» አለ። «ጠይቂኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ ግን ገና ጀልባው ላይ ነበረችና እጁን ከመያዝ በቀር ምርጫ አልነበራትም።

አባቱ መሪጌታ ገብረ መስቀል ከደብሩ ቅጥር አጠገብ፣ ጎጆ ደጃፍ ላይ ቁርበት አንጥፈው ተቀምጠዋል። ዜማውን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል፤ በብራናው ላይ ያለውን ምልክት ግን ዓይናቸው አይለየውም። ተማሪ ሲስት የትኛው ምልክት ላይ እንደሳተ አይቶ የሚነግራቸው ልጃቸው ነው።

«ማናት?» አሉ።

«ከከተማ የመጣች ናት የኔታ። የጻፍሁትን ልትመረምር።»

«ምን አገኘችበት?»

«ደንቆሮ መሆኔን።»

«እሱንማ እኔ እነግራት አልነበረም? ምነው ይህን ሁሉ ውኃ አቋርጣ ደከመች» አሉ መሪጌታ፤ ተማሪዎቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ።

ጥዑመ ልሳን ብራናውን አምጥቶ ገለጠላት። አጎነበሰች። አንዲት ቃል ላይ ሦስት ምልክቶች ተደራርበዋል፦ ነጠብጣብ፣ ጎባጣ መስመር፣ ሌላ ጎባጣ።

«ሦስቱም በአንድ ጊዜ ነው የሚሠሩት?»

«በአንድ ጊዜ። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚደረግበት ግን ሦስት ነገር ነው።»

«የእኛም ቁጥር እንደዚሁ ነው! ሞተሩ ይሠራል፣ ውኃ ገብቷል፣ ባትሪው ደክሟል፤ ሁሉም በአንዲት ቁጥር።»

ቀና ብሎ አያት። ሁለት ዓመት ሙሉ ለባልደረቦቹ ሊያስረዳ ሞክሮ ያልሆነለትን ነገር ይቺ ልጅ አጎንብሳ አገኘችው። ከዚያማ አፉ ተፈታ። ደረት ሞተሩ ነው፤ ከውስጥ ስለሚጮህ። ርክርክ የውኃው ጠብታ ነው። ድፋት የባትሪው መውረድ፣ ቁርጥ የሞተሩ መቆም። እሱ ሲናገር እሷ ዓይኖቹን ማየቷን ረስታ ታይ ነበር፤ ሲገባት ደግሞ አቀረቀረች።

«ያምራል» አለችው ከልቧ። «ግን አንተ ከሌለህ ማን ያውቀዋል?»

«አባቴ።»

«አባትህ የጀልባ ሳጥን አይጠግኑም።»

ብዕር ተቀብላ በደብተሩ ላይ ጻፈችለት። ስሙን ግልጽ አድርገህ «ውኃ ገባ» በለው አለች። ከጎኑም 4 ብለህ አትተወው፤ 1 << 2 ብለህ ጻፈው፤ አንድን ወደ ግራ ሁለት ቦታ ግፋ ማለት ነው። ማሽኑ ለሁለቱም ግድ የለውም። የሚያነበው ሰው ግን የስንተኛው ማብሪያ እንደሆነ ሳያሰላ ያየዋል።

«128 ብዬ ስጽፍ ለእኔ ግልጽ ነበር» አለ ጥዑመ ልሳን።

«ለአንተ።»

ተከራከሩ። ተከራክረው የመመለሻዋ ጀልባ አመለጣት፤ ሁለተኛው እስኪመጣም ተከራከሩ። ቤቷ ስትገባ ራቷን አንስታ ጥርግ አድርጋ በላች፤ እናቷ ሙሉነሽ «ገባሽ ማለት ነው?» ብለው ሳቁባት።

አልገባትም ነበር። ስሞቹ ተፈቱ እንጂ ሳጥኑ ለምን ዝም እንዳለ ገና አልታወቀም። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜም ሄደች። ምክንያቱ ሳጥኑ ብቻ እንዳልነበር ግን ጀልባው ወደ ዳር ሲጠጋ የልቧ አመታት ነገራት።

በዚያ ቅዳሜ ጥዑመ ልሳን ዜና ነበረው። ፍቅረ ማርያም የሚባለው ተማሪያቸው ትምህርቱን ሊጨርስ ነው፤ ከእንግዲህ የመሪጌታ ዓይን እሱ ይሆናል።

«አባቴ ሂድ ብለውኛል» አላት። «ከተማ ወርጄ ሳገኘው አካሉም ቃል ገብቶልኛል። በወሩ መጨረሻ ሰኞ ቀን እጀምራለሁ።»

«የት ልትቀመጥ?» አለች፤ ቢሮው ውስጥ ያለው ባዶ ወንበር የእሷ ጎን ያለው ብቻ እንደሆነ እያወቀች።

«ቦታ ካለ።»

«ከተጠጋጉ አይጠፋም» አለችና ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች።

እንደወደደችው ያን ቀን ለራሷ አመነች። እሱም እንደወደዳት መሪጌታ ሳይቀሩ አውቀዋል፤ ልጃቸው ለተማሪዎቹ ምልክት ሲያነብ ሁለት ጊዜ ተሳስቷል።

በሦስተኛው ቅዳሜ አዲሱን ዝርዝር ለመጨረስ ተቀመጡ። አነባበቡን የመረጠው እሱ ነው፤ የዜማ ተማሪ ትምህርቱን እንደሚይዝ፣ እሱ ከድሮው ወረቀት እያየ አንድ መስመር ይላል፣ እሷ እየደገመች ትጽፋለች። የማይገፋውን የመጀመሪያውን ጽፈው ወደ ቀጣዩ አለፉ።

«ሞተር ሠራ፤ አንድን አንድ ጊዜ ግፋ።»

«ሞተር ሠራ፤ አንድን አንድ ጊዜ ግፋ።»

«ውኃ ገባ፤ አንድን ሁለት ጊዜ ግፋ።»

«ዜማው የለበትም» አሉ መሪጌታ ከቁርበታቸው ላይ። «ግን ይሁን፣ ይሰማል።»

እየሳቁ ወረዱ። ሰባት ጊዜ ግፋ ደረሱ። ከዚያ ጥዑመ ልሳን ሳያቋርጥ፣ «ታስሮ ሳለ ውኃ ገባ፤ አንድን ስምንት ጊዜ ግፋ» አለ።

መቅደላዊት አልደገመችም።

ቆጠራው የሚጀምረው ከዜሮ ነው፤ የስምንት ቢት መጨረሻው ሰባት ነው። ስምንት ጊዜ የተገፋ አንድ ከዳር ወጥቶ ይወድቃል፤ ማብሪያው ግድግዳው ላይ የለም። በድሮው ዝርዝር ላይ ይህ መስመር 256 ተብሎ ስለተጻፈ ከላይ ካሉት ቁጥሮች ጋር ተመሳስሎ ተቀምጧል። አሁን በተርታ ሲነበብ ግን ሕፃንም ይሰማዋል። ስሙን አየችው፤ «ድርስ» ይላል። ከሥሩ አሥረኛው አለ፤ «አንብር»።

«እነዚህ ሁለቱ ከየት መጡ?» አለችው ቀስ ብላ። «ስምንት ናቸው ብለኸኝ አልነበር?»

«ስምንቱ የቅዱስ ያሬድ ናቸው። ሁለቱን ኋላ የተነሡ መምህራን ጨመሯቸው ይባላል። ባለጀልባዎቹ ሁለት ማስጠንቀቂያ ይጨመርልን ሲሉ እኔም በዚያው ጨመርኋቸው፤ ልሄድ ስል ነው የጻፍኋቸው። ምነው?»

ብራና ላይ ከጽሑፉ በላይ ለአንድ ተጨማሪ ምልክት ሁልጊዜ ቦታ አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ስህተት ከእሱ በቀር በዚያች ከተማ ማንም አይሠራውም ነበር። ወረቀቱን ደጋግማ አየችው፤ እንዲለወጥላት የለመነች ያህል።

«ምንም» አለች። «ራሴን አሞኛል፤ ልሂድ።»

ወደቡ ላይ ጋሽ ገድሉ ቆመው አገኘቻቸው። የጥዑመ ልሳን የሟች እናት ወንድም ናቸው፤ ቁንዝላ ሥራ ሲያጡ መሪጌታ ቤት ሰንብተዋል። ከሩቅ ሲያዩዋት ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ልጄ፣ ሳጥኑ ምን አለ? ነቅሎኛል አለ?»

«ትንሽ ቀን ይስጡኝ ጋሽ ገድሉ» አለች፤ ዓይናቸውን ማየት አልቻለችም።

አካሉ ነገሩን ሲሰማ ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። «በጣም ጥሩ! ቁጥሩን በሁለት ባይት፣ በአሥራ ስድስት ማብሪያ፣ አድርጊና ለሁሉም ጀልባ ጫኚው። ማን ሳተ፣ ማን ነቀለ የሚለው ይቅር፤ ያለፈ ነገር ነው። ጥዑመ ልሳንም ሰኞ ይመጣልሻል።» የመጨረሻዋን ሲል ጠቀሳት።

ማስተካከያው የአንዲት መስመር ሥራ ነው። ዝም ብትል ከአካሉ በቀር ማንም አያውቅም፤ ሰኞ እሱ አጠገቧ ይቀመጣል። ብትናገር ጋሽ ገድሉ ነጻ ይወጣሉ፤ ወንበሩ ግን ባዶ ይቀራል፣ እሱም ምናልባት ዳግመኛ አያያትም። ሁለት ቀን ዝም ልትል ሞከረች። ሁለት ቀን ምግብ አልበላላት አለ። ይህ ደግሞ ያልገባት ነገር ኖሮ አይደለም።

ረቡዕ ዕለት ማንም ሳይጠብቃት ጀልባ ይዛ ሄደች። ጥዑመ ልሳንን ከውኃው ዳር አገኘችው።

«ዘጠነኛው አይገባም» አለችው። «ሳጥኑ ስምንት ነው የሚይዘው። የድሮዋ የውኃ ማብሪያ ሞተር ሲሠራ ብቻ ነው የምትበራው፤ ጀልባው ታስሮ ውኃ ሲገባ የምትበራዋ ቢት ግን የለችም። ኖራም አታውቅም።»

ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ አየች፤ ይቆጥር ነበር። ሰባት ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አያ ገድሉ አልነቀለውም ማለት ነው።»

«አልነቀሉትም።»

«በአንድ ገበታ ስንበላ፣ "ምናልባት ረስተኸው እንዳይሆን" እለው ነበር» አለ። «እኔ! እንጀራውን ትቶ ሲነሣ የሚያልፍ ነገር መስሎኝ መብላቴን ቀጠልሁ።»

ከሸንበቆው ውስጥ አንድ ወፍ ሁለቴ ተነሥቶ ሁለቴ ተመለሰ።

«ልደብቅህ ነበር» አለች በመጨረሻ። «እውነቱን ልንገርህ፣ ሰኞ እንድትመጣ ፈልጌ ነበር። በጣም ፈልጌ ነበር።»

«እኔም ሰኞን ስቆጥር ነበር» አለ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገና ተነሣ። «ወረቀት ይዘሻል?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቁንዝላ ላይ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ጥዑመ ልሳን ቆሞ አነበበ። የጻፈውን፣ የሳተበትን፣ ለምን እንደሳተ። ቢት ምን እንደሆነ ለማያውቁት ማብሪያ እያለ አስረዳ። «ጀልባውን ያሰመጥሁት እኔ ነኝ» ሲል ሰዉ ተንጫጫ። ጋሽ ገድሉ እስከ መጨረሻው ሰምተው ተነሡ፤ የእህታቸውን ልጅ ሳያዩት ወጥተው ሄዱ። መቅደላዊት ከኋላ ሆና የጥዑመ ልሳንን ጀርባ አየች፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከት ነበር።

ማኅበሩ እገዳውን በዚያው ቀን አነሣ። አካሉ ደግሞ ሰኞ ጠዋት «በደንበኛ ፊት እኔ ነኝ ያጠፋሁት እያለ የሚያነብ ሰው እንዴት እቀጥራለሁ?» አለ። መቅደላዊት ብዙ ተናገረች፤ አልሰማትም። ወንበሩ ባዶ ቀረ።

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። ጥዑመ ልሳን ከፍቅረ ማርያም ጋር ምልክት ያነባል፤ ያገኘ ቀን ባሕር ዳር ወርዶ ኮምፒውተር ይጠግናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ይገናኛሉ። አንድ ቅዳሜ «ሽማግሌ ብልክ አባትሽ ምን ይላሉ?» አላት፤ እሷም «ሥራው ምንድነው ይላሉ» አለችው። ሁለቱም አልሳቁም። ጋሽ ገድሉ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል አላነጋገሩትም።

ቢሆንም ሽማግሌ ተላከ። የመቅደላዊት አባት አቶ ደሞዝ ከወሊሶ መጥተው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት መካኒክ ሆነው የሠሩ፣ ለወሬ ትዕግሥት የሌላቸው ሰው ናቸው። እሑድ ጠዋት በር ሲንኳኳ መቅደላዊትና እናቷ ወደ ጓዳ ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት። የሚጠበቁት ሁለት ነበሩ፤ የደብሩ ቄስና አንድ ጎረቤት። የገቡት ግን ሦስት ናቸው። ሦስተኛውን ስታያቸው የእናቷን ክንድ ያዘች።

ቄሱ ስለ መሪጌታ ደግነት፣ ስለ ቤተሰቡ ጨዋነት አሰምተው ተናገሩ። አቶ ደሞዝ በትዕግሥት ጠበቁ፤ ለእሳቸው ብዙ ነው።

«ዘሩን አልጠየቅኩም አባቴ። ልጁ ሥራው ምንድነው?»

ቄሱ ጎረቤቱን አዩ፤ ጎረቤቱ ወለሉን።

«ሥራ የለውም» አሉ ጋሽ ገድሉ። «ያገኘው ነበር፤ ያጣው በእኔ ነው። ጀልባዬን ያሰመጠብኝ እሱ ነው። የእህቴ ልጅ ነው። ሰው ሁሉ ውሸታም ሲለኝ እሱም አላመነኝም።»

አቶ ደሞዝ ወደ ፊት ተጠጉ። «ታዲያ ምን ሊሉኝ መጡ?»

«ያጠፋው እሱ መሆኑን ማን ያውቅ ነበር? ማንም። ዝም ቢል እንጀራው ነበረ፤ የእርስዎም ልጅ ዝም ብትለው እንደዚያው። እሷ ነገረችው፣ እሱ በሰው ፊት ቆሞ አነበበው። ሁለት ወር ተቀየምሁት፤ ከዚያ በላይ አልሆነልኝም። ሴት ልጅ የለኝም አቶ ደሞዝ። ብትኖረኝ ለእሱ እሰጣት ነበር።»

አቶ ደሞዝ ሦስቱንም በተራ አዩ። መቅደላዊት ከበሩ ኋላ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ልማዱ ሦስት ጊዜ ማመላለስ ነው» አሉ አባቷ። «እኔ ግን አላመላልሳችሁም።»

ስልኳን አንስታ ወደ ጓሮ ወጣች። ጥዑመ ልሳን በመጀመሪያው ጥሪ አነሣ፤ ከማለዳ ጀምሮ ባሕር ዳር ወደብ ላይ ቆሞ ነበር።

«እሺ አሉ» አለችው።

«ተመስገን» አለ።

«ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ» አለችው። «ሦስተኛው ጋሽ ገድሉ ናቸው።»

«አያ ገድሉ? ማን ላከው?»

«ማንም። ራሳቸው ናቸው የመጡት።»

«ምን አለ?»

ነገረችው፤ ቃል በቃል። ከዚያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች፣ ሲያለቅስ ሰማችውና ሳትዘጋ ጠበቀችው።